ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ውሃ ግን አይገፋም

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም ተከታታይ ውይይቱን፣ የከፈተው ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም ያመጣው፤ ፍርዱንም ሰጥቶ ጨርሷል። ጎልድፊሽ ያለበት ትንሽ የጓሮ ኩሬ አለው። ውሃ ውስጥ ተጠልቆ የሚሠራ ፓምፕ ውሃውን ከኩሬው ወለል እየሳበ፣ ከውሃው ገጽ 1.2 ሜትር ከፍ ብላ ወደምትገኝ ትንሽ ፏፏቴ ይገፋል። ፓምፑ ላይ የተጻፈው በሰዓት 3000 ሊትር ነው። አንድ ዓመት ያህል ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ ፏፏቴው ቀስ በቀስ እየቀጠነ ሄደና አንድ ጠዋት ጭራሽ ቆመ። ሶኬት ላይ ሲሰካው ያጉረመርማል፣ ትንሽ ይሞቃል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልም። ፍርዱ እንግዲህ እነዚህ ፓምፖች የታሸጉ ስለሆኑ አይጠገኑም፣ ተጠቅሞ መጣል ነው የሚል ነበር። የጠየቀው ደግሞ በምትኩ የ5000 ሊትሩን ይግዛ ወይስ የ8000ውን ነው።

ይህን ክር የማወጋችሁ በዚያ ፍርድ ምክንያት ነው። ሞተ ተብሎ የሚጣል የኩሬ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ አልሞተም። ታንቆ ነው።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነበር። ጸሐፊው ሰላምታ አስቀድሞ፣ ስለ ግዢ ከማውራቱ በፊት ሁለት ነገር አነሳ። አንደኛው ማሳሰቢያ ነው፤ እጅ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ገመዱ ከሶኬት ይነቀል፣ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ሁለተኛው ስለ ድምፅ ነው። የሚያጉረመርም ፓምፕና ጭጭ ያለ ፓምፕ በሽታቸው ለየቅል ነው። ካጉረመረመ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ድረስ ደርሷል፤ መዞር ያለበት ነገር ግን ተይዟል። ጭጭ ካለ ደግሞ ምርመራው የሚጀምረው ከሶኬቱ፣ ከብሬከሩና ከገመዱ ነው። በእኔ እይታ ከክሩ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ብዙዎቹ ግን አልፈውት ሄዱ።

መልስ 2 አንድ መስመር ናት። ጥለህ ግዛ፣ ጊዜህን አታባክን የምትል።

መልስ 3 ላይ ነገሩ መልክ ያዘ። ጸሐፊው ብዙ ፓምፕ የፈታ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በእነዚህ ትንንሽ ፓምፖች ውስጥ የታሸገው ጥቅል ሽቦው ብቻ መሆኑን አስረዳ። እሱ ሬዚን፣ ማለትም ፈስሶ እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ነገር፣ ውስጥ ተቀብሯል፤ ውሃ አይነካውም። የሚዞረው ክፍል፣ ማለትም ማግኔት የሆነው ሮተርና ጫፉ ላይ ያለው ውሃ ገፊ ኢምፔለር፣ የሚቀመጠው ከሬዚኑ ውጭ ባለ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ የለም። ጥቅል ሽቦው የሚፈጥረው የማግኔት ኃይል በፕላስቲኩ ግድግዳ አልፎ ሮተሩን ያዞረዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ መግባቱ ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ያ ውሃ ሮተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ እንዳይፋተግም ያለሰልሰዋል። ችግሩ ውሃው ብቻውን አለመግባቱ ነው። ደቃቅ አሸዋ፣ የአልጌ ክር፣ የቀንድ አውጣ ግልገል ሁሉ ተከትሎ ይገባል።

ከዚያ አከፋፈቱን ደረጃ በደረጃ ጻፈ። ፓምፑ በገላው ወይም በእጀታው ተይዞ ይወጣል እንጂ በገመዱ አይጎተትም፤ በገመዱ የተጎተተ ፓምፕ ገመዱ ከገላው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ይላላና ውሃ ያስገባል። የውጭው ወንፊት ይፈታል። ቀጥሎ የኢምፔለሩ ክዳን ይከፈታል። ከዚያ ሮተሩ በጣት ይሳባል። እዚህ ላይ ጀማሪ ይደነግጣል። ማግኔቱ መልሶ ወደ ውስጥ ስለሚጎትት ሮተሩ የተጣበቀ ይመስላል። መታገል አያስፈልግም፤ ቀጥ አድርጎ በርጋታ መሳብ ነው። ሲወጣ ታሪኩ ሁሉ ይታያል፦ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ አረንጓዴ ክር፣ ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ደቃቅ ብናኝ፣ ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በጥፍር ሲፋቅ የሚሻክር ነጭ ቅርፊት። በሮተሩና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ስስ ቅርፊት እንኳ ሮተሩን ቀስፎ ለመያዝ ይበቃል። ጉድጓዱ በጠርሙስ ብሩሽ፣ ሮተሩ ደግሞ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት ትንንሽ የላስቲክ ቀለበቶች እንዳይጠፉ በተለይ አስጠነቀቀ።

መልስ 4 እርማት ነበር፤ በትሕትና የቀረበ እርማት። በ3 ላይ የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆንም ለሁሉም ፓምፕ እንደማይሠራ አመለከተ። ውሃን በጣም ከፍ ወዳለ ቦታ የሚገፉ ጠንካራ ፓምፖች ሌላ ዓይነት ሞተር ሊኖራቸው ይችላል። ከነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ውስጣቸው ዘይት አለ፤ ዘንጉ ዙሪያ ያለ ማኅተም ነው ዘይቱንና ውሃውን የሚለየው። እነዚህን ቤት ውስጥ መፍታት አይመከርም። ማኅተሙ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ኩሬው ይወጣል፣ ውሃው ገጽ ላይም ቀስተ ደመና የሚመስል ስስ ሽፋን ይታያል። ያን ያየ ሰው ፓምፑን ወዲያው ነቅሎ ያውጣ፤ ለዓሣዎቹ አይበጅም። የ3ኛው ጸሐፊም እርማቱን አመስግኖ ተቀበለ።

መልስ 5 የአንዲት እህት ገጠመኝ ነው። ሮተሩ አልወጣ ሲላት ካቻቢቴ ከጎን አስገብታ ፈለቀቀችው። ቀጭኑ ዘንግ ሴራሚክ ነበርና ለሁለት ተሰበረ። ሴራሚክ መፋተግን በደንብ ይችላል፤ ከጎን ሲጫኑት ግን አይታገሥም። የተጣበቀውን ሮተር በካቻቢቴ ከማስገደድ ፓምፑን እንዳለ ውሃና አቼቶ ውስጥ ነክሮ ማሳደር እንደሚሻል መከረች። ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ መሆኑን ደግሞ ሁለቴ ጻፈችው፤ ደግ አደረገች።

ከአቼቶው ተነሥቶ ከ6 እስከ 8 ያለው ጭቅጭቅ ሆነ። 6ኛው አቼቶ ለምን እንደሚሠራ አብራራ። ነጩ ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አቼቶ ወይም ሲትሪክ አሲድ ሲነካው አረፋ እያወጣ ይሟሟል። 7ኛው ይህን ሁሉ ምን አመጣው ብሎ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አፍስሱበት አለ፤ እሱም ካልሆነ በረኪና ጨምሩበት። 8ኛው ቱግ አለ። ቃላቱ ሻካራ ነበሩ፣ ነገሩ ግን ልክ ነው። ኃይለኛ አሲድ ላስቲኩንና ብረቱን ይበላል። ጥቂት ቅሪት እንኳ ወደ ትንሽ ኩሬ ከገባ ዓሣ ሊጎዳ ይችላል። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ይህ ከየትኛውም አሲድ ጋር የሚሆን ነው፤ አቼቶም ጭምር። ስድቡን ባይጨምር እወድ ነበር፤ ምክሩን ግን ማንም እንዳያልፈው።

9 እና 10 አጫጭር ናቸው። ክሩን የከፈተው ሰው ተመልሶ መጥቶ ክዳኑ ላይ አንድም ብሎን አጣሁ አለ። መልሱ ቶሎ መጣለት፤ ብሎን የሌለው ክዳን ብዙውን ጊዜ ሩብ ዙር ያህል ሲጠመዘዝ ይለቃል። ገላው ላይ ትንሽ ቀስት ወይም የተከፈተና የተዘጋ ቁልፍ ምልክት ካለ አቅጣጫውን ያሳያል።

በ11 ላይ ውይይቱ ወደ አደገኛ መንገድ ገባ። አንድ ሰው የእሱ ፓምፕ በሠራ ቁጥር ብሬከሩ እየወደቀ ስላስቸገረው፣ ገመዱን ያ ብሬከር ወደሌለበት ሶኬት እንዳዛወረውና ከዚያ ወዲህ እፎይ እንዳለ ጻፈ። ለሌሎችም ይኸው ይጠቅማል አለ። ያ ብሬከር ተራው ብሬከር አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ ሲሾልክ የሚቆርጠው ነው። 12ኛው መልስ እንደ ጅራፍ ነበር። በሁለት መስመር፣ ይህን ያደረገ ሰው በልጆቹ ነፍስ እየተጫወተ ነው አለ። 11ኛው ተቀየመ፤ በ13 ላይ ማንም ሊሰድበኝ አይገባም፣ ገመዱን እኔው ራሴ በናስትሮ ደህና አድርጌ ጠቅልየዋለሁ ብሎ መለሰ። በዚህ ምላሽ ምስጢሩ ወጣ። ገመዱ ውሃ ውስጥ ባለበት ቦታ ተቀጥሏል ማለት ነው።

14ኛው መልስ ክሩን አዳነው። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ የመብራት ሠራተኛ ናቸው፤ ሌሎቹም ጋሼ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ማንንም አልወቀሱም። የሊኬጅ ብሬከር የሚሠራውን በቀላል ቃል አስረዱ። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ በሌላው ሽቦ መመለስ አለበት። የሄደውና የተመለሰው ካልተካከለ ልዩነቱ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ገላ በኩል፣ ወደ መሬት እየሄደ ነው። ለሰው ደኅንነት የሚገጠመው ብሬከር ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ከመድረሱ በፊት ወይም ሲደርስ ይቆርጣል። ስለዚህ ብሬከሩ ሲወድቅ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚጠገነው ብሬከሩን ያስወደቀው ነገር ነው።

ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ የሚለዩበትንም ዘዴ ሰጡ። በዚያ መስመር ላይ ያለው ሁሉ ይነቀል፣ ብሬከሩ ይመለስ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየተሰካ ይታይ። ፓምፑ ሲሰካ ብቻ ከወደቀ መጀመሪያ ስፒናው ይታይ፤ ውስጡ እርጥበት ወይም አረንጓዴ ዝገት ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ እየተዳሰሰ ጭረት ይፈለግ፤ ተነቅሎ ሳለ እንጂ ተሰክቶ አይደለም። ውሃ ውስጥ የሚገባ ገመድ በናስትሮ አይቀጠልም። ናስትሮ ውሃ አያግድም። ገመዱ ከተጎዳና በአምራቹ መንገድ መቀየር የማይችል ከሆነ ያ ፓምፕ ሥራው አብቅቷል። ሌላም ጨመሩ፤ ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ እንደገና ይነሣ፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ እዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠብና ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። 11ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሰ፤ ፓምፑን ነቅሎ እንዳወጣው ለጋሼ ነገራቸውና አመሰገናቸው። እኔ በዚህ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

መልስ 15 ሁላችንም ስንጠብቀው የነበረው ነው። ክሩን የከፈተው ሰው ፓምፑን ከፈተ። ኢምፔለሩ ምላሶች መካከል አንዲት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተቀርቅራለች፤ ዘንጉ ላይ ደግሞ የአልጌ ክር ተጠምጥሟል። አጸዳ፣ በአቼቶ ነከረ፣ ደጋግሞ በውሃ አለቀለቀ፣ ገጠመ። ፓምፑ ተነሣ። ሁለት ነገር ግን አሳስቦታል። አንደኛው፣ ሲነሣ አንዳንዴ ወደ ቀኝ አንዳንዴ ወደ ግራ የሚዞር ይመስላል። ሁለተኛው፣ ፏፏቴው እንደ ድሮው አልሆነም።

ለመጀመሪያው መልስ 16 ወዲያው አረጋጋው። እንዲህ ያሉ ቀላል የማግኔት ሞተሮች በየትኛውም አቅጣጫ ሊነሡ ይችላሉ፤ የብዙዎቹ ኢምፔለር ምላሶች ቀጥ ያሉት ለዚሁ ነው። ሲነሡ ትንሽ መንገጫገጭ ያለ ነው። መንገጫገጩ ካልቆመ ግን ከዘንጉ ጫፍ አንዱ የላስቲክ ቀለበት ሳይገባ ቀርቷል፣ ወይም አልቋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ተባለ። በመልስ 17 አንዲት ጸሐፊ ዓይናችሁን ከፓምፑ ወደ ጎማው፣ ውሃውን ወደ ፏፏቴው ወደሚወስደው ቱቦ፣ አዙሩ አለች። ጎማው ድንጋይ ሥር ተጣጥፎ ይሆናል፤ ውስጡም አተላ ይይዛል። ፓምፑ ላይ የሚገጠመው ማገናኛ ብዙ ጊዜ ደረጃ ደረጃ ያለው ሾጣጣ ነው። ሰፊ ጎማ የሚገጥም ሰው ጠባቡን ጫፍ መቁረጥ አለበት፤ ካልቆረጠው ውሃው ሁሉ በጠባቧ ቀዳዳ ይታነቃል። የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነውን ጎማ በ13 ሚሊሜትር መቀየር ለዓይን ግማሽ ይመስላል። የውሃው መተላለፊያ ግን ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ያንኑ መጠን ውሃ ለመግፋት የሚያጋጥመው ፍትጊያ ደግሞ ከ20 እጥፍ በላይ ይጨምራል።

መልስ 18 የክሩን ዋና ጥያቄ የመለሰ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ጥቂት ሰው ብቻ ቢያመሰግነውም። በሰዓት 3000 ሊትር የሚለው ጽሑፍ ፓምፑ ምንም ከፍታ ሳይወጣ የሚሰጠው ነው። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር መጠኑ ይቀንሳል። ከፍተኛው ከፍታ ተብሎ የተጻፈው ላይ ሲደርስ ውሃው ይቆማል፤ ጠብታም አይወጣም። ከፍተኛ ከፍታው 2 ሜትር የሆነ ፓምፕ 1.2 ሜትር ላይ ከተጻፈው ግማሽ ገደማ ቢሰጥ ጤነኛ ነው። ፏፏቴው ላይ ደግሞ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር የፏፏቴ ከንፈር፣ ማለትም ውሃው የሚወርድበት ጠርዝ ስፋት፣ በሰዓት 150 ሊትር ገደማ። ከንፈሩ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ 1500 ሊትር ይበቃዋል። ያ ማለት አሁን ያለው ፓምፕ ንጹሕ ከሆነ ሥራውን ይችላል፤ የ8000ውን በዚያው ጠባብ ጎማ ላይ ቢገጥም ያገኘው ነገር ቢኖር የመብራት ቆጣሪው መፍጠን ነው።

አንድ ሰው ፓምፑ ኩሬው ውስጥ በጥልቀት በተቀመጠ ቁጥር የሚወጣው ከፍታ ይጨምራል ብሎ ሊያርመው ሞከረ። ይህ 19 ነው፤ ስህተት ነው። 20ኛው በሁለት ዓረፍተ ነገር አስተካከለው። ከፍታው የሚለካው ከውሃው ገጽ እስከ መውጫው ነው። ከገጹ በታች ያለው ጥልቀት አይቆጠርም፤ በዙሪያው ያለው ውሃ በዚያው ልክ ይገፋለታልና።

መልስ 21 ማንም ያላሰበውን አመጣ። በ60 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ በሚመላለስ መብራት፣ እንዲሠራ የተሠራ ፓምፕ 50 ሄርዝ መብራት ባለበት ቦታ ከተሰካ በደቂቃ 3600 ዙር መዞሩ ቀርቶ ወደ 3000 ይወርዳል። የሚገፋው ውሃ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ የሚወጣው ከፍታ ደግሞ በ30 በመቶ ገደማ። ከሌላ አገር የመጣ ፓምፕ የገጠመ ሰው ገላው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ።

22ኛው የአየር ነገር ነው። ታጥቦ የተመለሰ ፓምፕ እየዞረ ውሃ ካልገፋ ውስጡ አየር ታግቷል። ውሃ ውስጥ እንዳለ ወደ ጎን አጋድሞ አረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፤ አሁንም ከሶኬት ተነቅሎ።

23 የእኔ ነበር። የጻፍኩት ስለ አቀማመጥ ነው። ፓምፑ ዝቃጩ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ዛሬ ታጥቦ ነገ ይዘጋል። ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። ሁለተኛው ጥቅም ከዚህም ይበልጣል፤ ጎማው አንድ ቀን ቢነቀልና ውሃው ሁሉ ወደ ውጭ ቢገፋ፣ ከፓምፑ በታች ያለው ውሃ ለዓሣዎቹ ይተርፋል። ወንፊቱ ቶሎ ቶሎ የሚዘጋበት ሰው ደግሞ ፓምፑን ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ትልቅ የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጠው። ውሃው በሰፊ ገጽ ስለሚገባ መሳቡ ይለዝባል፤ ቅጠል አይለጠፍም፣ እንቁራሪት ግልገሎችም አይሳቡም።

ከ24 ጀምሮ ወሬው ወደ መብራት ወጪ ሄደ። አንዲት ጸሐፊ ሌሊት ሌሊት ፓምፑን እንደምታጠፋ ተናገረች፤ ማንም ፏፏቴውን ስለማያይ። 25ኛው ሒሳቡን ሠራላት። 40 ዋት የሚበላ ፓምፕ ሳያቋርጥ ሲሠራ በቀን 0.96 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል፤ በዓመት 350 ገደማ። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ስለዚህ ሐሳቧን አላጣጣለም።

26ኛው ግን ጠንከር አለባት። ዓሣ ያለው ኩሬ የሚታፈነው ሌሊት ነው፤ በተለይ ሊነጋ ሲል። ቀን ኦክስጅን የሚሰጡት የውሃ ተክሎችና አልጌዎች ጨለማ ውስጥ ራሳቸው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ሙቅ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል፤ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 7.5 ይወርዳል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከዚህም ያንሳል። ማጣሪያ ካለ ደግሞ የዓሣውን አሞኒያ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ሳያቋርጥ በሚፈስ ውሃ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ዓሣ የሌለበት ኩሬ ከሆነ እንደፈለጋችሁ አጥፉ፤ ዓሣ ካለ ግን ሌሊቱ የፓምፑ ዋና የሥራ ሰዓት ነው። እህታችንም ነገሩን አላወቅሁም ነበር ብላ አመሰገነች፤ 26ኛውም ድምፁን አለዘበና የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ እንዳታጥብ ጨመረላት። ክሎሪን ያለበት ውሃ እነዚያኑ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ከኩሬው በባልዲ በተቀዳ ውሃ መጭመቅ ይበቃል።

27፣ 28 እና 29 ከፓምፑ ርቀው ሄዱ። አንዱ ውሃው አረንጓዴ ሆነብኝ አለ፤ ሌላው አልትራቫዮሌት መብራት መከረው። ያ መብራት በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አልጌ እንጂ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ክር እንደማይነካ ተነገረው፤ አምፖሉም እየበራ እንኳ ከዓመት ገደማ በኋላ ጉልበቱ ስለሚደክም ይቀየራል። ሦስተኛው ስለ ወባ ትንኝ ጠየቀ። ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በረጋ ውሃ ላይ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ውሃና እጭ የሚበላ ጎልድፊሽ ካለ ብዙ አያሳስብም።

መልስ 30 ላይ ወደ ጉዳዩ ተመለስን። አንድ ጸሐፊ ፓምፑ ጭጭ እንዳለ፣ ኩሬውም በየጊዜው ውሃ እንደሚጎድለው ጻፈ፤ ሁለቱን ግን አላያያዛቸውም። ያያያዙለት ጋሼ ናቸው፣ በ31። ኩሬው ጎድሎ ፓምፑ ከውሃ በላይ ከሠራ የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም። አንዳንዱ ፓምፕ ሲግል ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አለው፤ ሲቀዘቅዝ ይነሣል። ይህ የሌለው ይቃጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሶኬቱ ሌላ ዕቃ ተሰክቶበት ይፈተሽ። ከዚያ ፓምፑ ከሶኬት ተነቅሎ እንዳለ፣ በቴስተር በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል መተላለፍ መኖሩ ይታይ። ፍጹም መተላለፍ ከሌለ ወይ ገመዱ ወይ ጥቅል ሽቦው ተቆርጧል። ጥቅል ሽቦው ሬዚን ውስጥ ስለሆነ አይደረስበትም፤ ይሄኛው በእርግጥ ሞቷል። ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ባለው ፓምፕ ላይ ግን ይህ ፍተሻ አያስተማምንም ብለው አከሉ።

የጎደለውን ውሃ በተመለከተ 32ኛው ቀላል ዘዴ ሰጠ። ኩሬውን መሙላት፣ ፓምፑን ማጥፋት፣ የውሃውን ገጽ ምልክት አድርጎ አንድ ቀን መጠበቅ። በዚያን ጊዜ ለዓሣዎቹ የአየር ፓምፕ ቢገባ ጥሩ ነው። ፓምፑ ጠፍቶ ውሃው ካልጎደለ ቀዳዳው በጎማው ወይም በፏፏቴው መንገድ ላይ ነው። ጠፍቶም ከጎደለ ከኩሬው ራሱ ይሾልካል፤ መጉደሉ የሚቆምበት ከፍታ ላይ ዙሪያውን መፈለግ ነው። ትነት ጥቂት እንደሚወስድ ግን አይረሳ።

በ33 ክሩን የከፈተው ሰው ጎማውን አጥቦ የታጠፈውን አቃንቶ እንደነበር፣ ፏፏቴውም ሙሉ እንደሆነ ነገረን። መጠባበቂያ ፓምፕ መግዛት ግን አሁንም ይፈልጋል፤ ምን አይቶ ይምረጥ? መልስ 34 በሊትር አትጀምር አለው። ሮተሩ ለብቻው ይሸጣል ወይ ብለህ ጠይቅ፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነውና። ገመዱ ያለ ቅጥያ ደረቅ ቦታ ያለው ሶኬት ድረስ ይደርሳል ወይ? ክዳኑ ያለ መሣሪያ ይከፈታል ወይ? ከዚያ በምትፈልገው ከፍታ ላይ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ሣጥኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ አንብብ።

35ኛው የመጨረሻው ነው፤ ያቺው ዘንግ የሰበረችው እህት ናት የጻፈችው። ትክክለኛውን ሮተር ለማዘዝ የፓምፑ ሞዴል ቁጥር ያስፈልጋል። ገላው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን ውሃ ውስጥ ከርሞ ይለቃል፣ ወይም አልጌ ሲፋቅ አብሮ ይፋቃል። ስለዚህ ፓምፑ ለመታጠብ በወጣ ጊዜ ጽሑፉንም የሮተሩን ርዝመትም በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ከመታጠቡ በፊት።